ቀማሽ የሌለው ምርምር

ሰሞኑን በአትክልትና ፍራፍሬ ምርምር በጀት ላይ በተካሄደ ውይይት አንድ ኃላፊ ጣዕም የምግብ አብሳይ ጉዳይ እንጂ የተመራማሪ ጉዳይ እንዳልሆነ ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሳይውል ሳያድርም የቅምሻ ሙከራ ከዝርያ ማሻሻያው መርሐ ግብር ወጥቶ ገንዘቡ በሄክታር የሚገኘውን ምርት ለመለካት እንዲውል ተወሰነ። ስማቸውን አላነሳም። እንዲህ የሚያስበው እርሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ከውሳኔው ይልቅ ያንገበገበኝ የቀረበለት ምክንያት ነው። ገዢ በዓይኑ ነው የሚገዛው አሉ፤ ቀይ፣ ክብና ጠንካራ ቲማቲም ካየ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጣዕም እንደማይፈልግ ገበያው ራሱ መስክሯል። ከዚህ የባሰ ደካማ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ገዢው በዓይኑ የሚገዛው ሌላ ምን አማራጭ ተሰጥቶት ነው? ነክሶ መልሶ ማስቀመጥ አይችልም። የዝርያው ስም አልተጻፈለትም፤ መቼ እንደተለቀመ፣ ስንት ቀን በማቀዝቀዣ እንደከረመ የሚነግረው የለም። በዓይንህ ብቻ ምረጥ ብለው ካስገደዱት በኋላ በዓይኑ መረጠ ብለው ምስክር መቁጠር ድፍረት ነው።

በዓይን መምረጥ የት እንደሚያደርስ ከቲማቲም በላይ የሚያስረዳ ተክል የለም። የቆዩት ዝርያዎች ፍሬ ጥሬ ሳለ በእጀታው ዙሪያ፣ ትከሻው ላይ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ያ ክፍል ዘግይቶ ስለሚቀላ ፍሬው ሲበስል ዥንጉርጉር ይሆናል። አዳቃዮች ይህን ጠሉት። ጥሬው ወጥ የሆነ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ብስሉ ደግሞ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀይ የሆነ ተክል ሲያገኙ እርሱን እየመረጡ ለ70 ዓመታት ያህል አራቡት። መድረሱን በሩቁ ለመለየት ይመቻል፤ በሣጥን ሲደረደርም ያምራል። ማን ይቃወማል?

እ.ኤ.አ. በ2012 በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የዚህን ባሕርይ መነሻ ዘረመል ለይተው አወጡ። ጂኤልኬ2 የሚባለው ይህ ዘረመል በፍሬው ውስጥ ክሎሮፕላስት እንዲዳብር ያዝዛል። በብርሃን ኃይል ስኳር የሚሠራው የሕዋስ ክፍል ማለት ነው። ወጥ ቀለም ባላቸው ዝርያዎች ውስጥ ዘረመሉ ተበላሽቶ ተገኘ። ያ የተጠላ ጥቁር አረንጓዴ ትከሻ ለካ የስኳር ፋብሪካ ኖሯል! ዘረመሉ በትክክል ሲሠራ የፍሬው ስኳርም፣ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሊኮፒንም ይጨምራል። ይህን ያህል ዘመን ፋብሪካውን ሲያፈርሱ የኖሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚፈለግባቸውን በትጋት የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ከሚፈለግባቸው ዝርዝር ውስጥ ምላስ ስላልነበረበት ምን እያጠፉ እንደሆነ ሳያውቁት አለፈ። ሰሞኑን የተወሰነው ያንኑ ስህተት፣ አሁን ግን እያወቁ፣ መድገም ነው።

ጣዕም ከተጨመረ ምርት ይቀንሳል የሚለው ማስፈራሪያም ግማሽ እውነት ነው። ስኳርን በተመለከተ ፍሬው በተለቀ ቁጥር ጣፋጭነቱ የመቀነስ ዝንባሌ አለው፤ ይህን አልክድም። የቲማቲም ጣዕም ግን ስኳርና አሲድ ብቻ አይደለም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ክሊ፣ ዴኒዝ ቲማንና ባልደረቦቻቸው ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ለጣዕም አስፈላጊ የሆኑ 13 የሚተኑ የመዓዛ ውህዶች በዘመናዊዎቹ ዝርያዎች ውስጥ ከቆዩት በእጅጉ አንሰው ተገኝተዋል። እነዚህ ውህዶች በፍሬው ውስጥ ያላቸው መጠን ኢምንት ነው። ስለዚህ ወደ ቀድሞው ቢመለሱ ተክሉ የሚከፍለው ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኩንታል ሳይጎድል ጣዕም የሚመለስበት መንገድ ተከፍቶ ሳለ ነው በሩን የምንዘጋው።

ይህን መንገድ ያሳየው ደግሞ የሰው አፍ ነው። ሪፍራክቶሜትር በሚባለው መለኪያ መስተዋት ላይ አንድ ጠብታ ጭማቂ አኑሮ የሚሟሟ ጠጣሩን፣ በአብዛኛው ስኳሩን ማለት ነው፣ ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ያ ቁጥር ግን ስለ መዓዛ አንዳች አይናገርም። የቅምሻ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ቀማሾች በተከለሉ ጠባብ ቦታዎች ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ የፍሬው ቀለም እንዳያታልላቸው አንዳንዴ መብራቱ ቀይ ይደረጋል። ከስም ይልቅ ቁጥር የተሰጠውን ቁራጭ ያኝካሉ፣ ይመዘግባሉ፣ በውኃ ተጉመጥምጠው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ገንዘብም ይበላል። ግን የትኛው ውህድ ፍሬውን እንደሚያስወድደው የሚነግረን ሌላ መሣሪያ የለንም። የተሰረዘውም ይኸው ነው።

ወደ ገበያው ምስክርነት እንመለስና፣ ሬድ ዴሊሸስ የተባለው የፖም ዝርያ እየቀላ እንዲሄድ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረጥ ኖረ። ቆዳው ወፈረ፣ ሥጋው አሸዋ አሸዋ የሚል ሆነ። ከ50 ዓመታት በላይ ይዞት የነበረውን የአሜሪካ የምርት አንደኝነት እ.ኤ.አ. በ2018 ጋላ (Gala) ለሚባል ሌላ የፖም ዝርያ እንደሚለቅ ተተነበየ። ሃኒክሪስፕ የሚባለው የፖም ዝርያ ደግሞ ለአምራቹ አስቸጋሪ ዛፍ ነው፤ ፍሬው በካልሲየም እጥረት በቀላሉ ነጠብጣብ ያበጃል። እንዲያም ሆኖ አምራቾች ይተክሉታል፤ በላተኛ ስለወደደው ከሌሎቹ የበለጠ ይከፈልበታላ! ታዲያ ለጣዕም የሚከፍል ገዢ የለም ያለው ማን ነው?

እህል የራበው ሰው ባይጥመውም ይበላዋል። አትክልትና ፍራፍሬን ግን ሰው ካልጣመው ይተወዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ብሉ ይላል፤ ስንቱ ነው የሚበላው? ሳህን ላይ የሚቀረውን ጎመን በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ብሎ መቁጠር የማንንም ጤና አይጠብቅም።

ሃኒክሪስፕ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር፤ በመካከሉ ሊጣል ምልክት ተደርጎበት ተርፎ ለአምራቾች የተለቀቀው በ1991 ነው። 31 ዓመት ማለት ነው። ዛሬ ቅምሻ ቢቋረጥ ጉዳቱ የሚታየው ዝርያው እርሻውን ሁሉ ከያዘ በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፈራሚው በወንበሩ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የሚጠየቀው አሁን ነው፦ ሥራው ከነገንዘቡ ወደ መርሐ ግብሩ ይመለስ፤ ቀማሾች ያላሳለፉት ዝርያም አይለቀቅ።