የመመረቂያ ፕሮጀክት ሁሉ የግድ ዳታቤዝ ያስፈልገዋል?

ካቻምና ክረምት አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ወደ ቢሯችን መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ላፕቶፗን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመችና «አንዴ ስልክዎን ይስጡኝ» አለችኝ። ስልኬን ላፕቶፗ ካለበት ዋይፋይ ጋር አገናኝታ ስክሪኗ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ አስነበበችው። ብሮውዘሬ ላይ ትልልቅ የአማርኛ ቁልፎች ያሉት ገጽ ተከፈተ፤ «አስኪድ»፣ «ቀጣይ መስመር»፣ «ፊደል አጉላ»፣ «ፋይል ቀይር» ይላል። «አስኪድ» የሚለውን ስነካ ላፕቶፗ ላይ ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) ተከፍቶ የነበረው የፓይተን ፕሮግራም መሥራት ጀመረ።

ይህን ለምን እንደሠራችው ስጠይቃት የነገረችኝ የኮምፒውተር ላብ ገብቶ ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ላብ ውስጥ ታግዛለች። ፕሮጀክተሩ የተሰካው ከፊት ነው፤ ያልገባቸው ተማሪዎች የሚቀመጡት ደግሞ ከኋላ። እነሱን ለመርዳት ወደ ኋላ ስትሄድ ግድግዳው ላይ ያለው ኮድ ባለበት ይቆማል፤ ወደ ፊት ስትመለስ ከኋላ ያሉት ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ኤዲተሩን በስልኳ ብሮውዘር የምታዝበትን ፕለጊን፣ ማለትም ኤዲተሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፈች። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በላፕቶፑና በስልኩ መካከል ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ትምህርት አብሮ በሚቋረጥበት ላብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተመራቂ (ጂሲ) ስትሆን ይህንኑ የመመረቂያ ርዕስ አድርጋ አቀረበች። የገምጋሚዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዳታቤዙ የታለ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «አድሚኑ ማን ነው? ስንት ዓይነት ዩዘር አለው?» ተባለች። ርዕሱ ውድቅ ሆነ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የፋርማሲ ማኔጅመንት ሲስተም ሠርታ ተመረቀች።

የፋርማሲ፣ የሆቴል፣ የላይብረሪ፣ የክሊኒክ ማኔጅመንት ሲስተም በየዓመቱ ይሠራል። አንድ ፋርማሲ በእርግጥ ጠይቆ ተማሪዎቹ ሄደው መድኃኒት እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ አይተው የሠሩት ከሆነ አከብረዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ሥራው በገምጋሚዎች ፊት ከሚቀርብበት ከዲፌንሱ ማግስት የሚከፍተው ሰው የለም። አራት ሆነው ሲሠሩ አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ የቀሩት ዶክመንቱን ይጽፋሉ፤ ዶክመንቱም ካለፈው ዓመት ባች በፍላሽ የመጣ ነው። እኔም የተመረቅሁት እንዲሁ ስለሆነ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ያቺ ልጅ በአንድ ትንሽ ፕለጊን የተማረችውን እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቼ ነው የተማርኩት። ፕለጊኑ ኤዲተሩ ውስጥ ሆኖ ጥያቄ የምትቀበል አንዲት ትንሽ ሰርቨር ያስነሳል፤ ስልኩ ዌብሶኬት በተባለው ሳይቋረጥ መልእክት በሚያመላልስ መስመር ይገናኘዋል፤ ቁልፍ ሲነካ ትእዛዙ ወደ ኤዲተሩ ያልፋል። በመጀመሪያው ቅጂ የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ እንዳለ ነበር የምታሳልፈው። ኮዷን ሳነብ ደነገጥኩ፤ በቃል ከማስረዳት ግን ማሳየት መረጥኩ። ከአሥር መስመር የማይበልጥ ጃቫስክሪፕት ያለበት ተራ ድረ ገጽ ጻፍኩና በራሷ ላፕቶፕ ላይ በብሮውዘሯ እንድትከፍተው ጠየቅኳት። ስትከፍተው ኤዲተሯ ውስጥ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ተከፍቶ እኔ የላክሁት ጽሑፍ ተጻፈበት። ያ ጽሑፍ ሰላምታ ነበር፤ ፋይሎቿን የሚያጠፋ ትእዛዝም ሊሆን ይችል ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ብሮውዘሩ አይከለክልም እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ብሮውዘር አንድ ድረ ገጽ የሌላውን መልስ እንዳያነብ በአብዛኛው ይከለክላል። ዌብሶኬት ግን በዚህ ሕግ አይታሰርም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መስፈርቱ እንደሚለው ብሮውዘሩ ጥያቄው ከየትኛው ገጽ እንደተነሳ «ኦሪጅን» በሚባል መስመር ይናገራል፣ መቀበልና አለመቀበል የሰርቨሩ ፋንታ ነው። የእሷ ሰርቨር ማን እንደመጣ አልጠየቀም፤ በሩን ለሁሉም ከፍቶ ነበር።

ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀባት። መነሻ አድራሻውን (ኦሪጅኑን) መፈተሽ ጨመረች። በየጊዜው የሚቀየር ምስጢራዊ ቁጥር ኪውአር ኮዱ ውስጥ አስገባች፤ ያንን ኪውአር ኮድ ያላየ ስልክ አይገባም። ከሁሉ የሚሻለውን ያገኘችው ግን በራሷ ነው፦ ከስልክ የሚመጣ ትእዛዝ ከቆጠረቻቸው ስምንት ትእዛዞች አንዱ ካልሆነ ይጣላል። የኤዲተሩ ፕለጊን ኤዲተሩ ራሱ ያለው ሥልጣን ሁሉ እንዳለውም ያኔ ነው የተረዳችው።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ተማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስኒክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው የቪኤስ ኮድ ፕለጊኖች በላፕቶፑ ላይ በሚያስነሱት ሰርቨር ምክንያት ለጥቃት የተጋለጡ ሆነው ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ልጅቷ ግን ይህን ገና ሳትመረቅ በገዛ እጇ ዘግታዋለች። የፋርማሲው ሲስተም ዲፌንስ ላይ ስለ ደኅንነት የተጠየቀችው ፓስወርዱ መመስጠሩን ብቻ ነበር።

«ከባዶ ያልተነሳ ሥራ የተማሪው አይደለም» የሚለውም ክርክር ይቀርባል። እዚህ ላይ የኤዲተሮችን ታሪክ ማስታወስ እወዳለሁ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ ቪአይ የተባለውን ኤዲተር ሲጽፍ ከባዶ አልተነሳም፤ ጆርጅ ኩሉሪስ ለንደን ላይ የጻፈውን «ኢኤም» የተባለ ኤዲተር ከቻክ ሄሊ ጋር እያሻሻሉ ነው እዚያ የደረሰው። ከቤቱ የሚሠራበት ሞደም በሰከንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ስለነበር ትእዛዞቹን በአንድ በአንድ ፊደል አሳጠራቸው። ይሠራበት በነበረው ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ) ላይ ቀስቶቹ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ፊደሎች ላይ ስለታተሙም እነሱኑ ለመንቀሳቀሻ ወሰደ። ዛሬም የቪአይ ተተኪ በሆነው በቪም የሚሠራ ሰው ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያው ነው። ብራም ሞሌናር ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያወጣም «ስቲቪ» በተባለ የሌላ ሰው ኮድ ላይ ተንተርሶ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ዛሬም በኡጋንዳ ያሉ ድሆች ሕፃናትን እንድንረዳ ይጠይቀናል። የሌላውን ኮድ አንብቦ የራስን መጨመር የዚህ ሙያ ዋና ሥራ ነው። ቢሮ የሚገባ ምሩቅም የሚጠብቀው ይኸው ነው፤ ከባዶ የሚጀምረው ፕሮጀክት እምብዛም አያገኝም።

ከኪስ አንጻርም ጥቅም አለው። አንድ ተማሪ የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት 25 ዶላር በውጭ ምንዛሪ ካርድ መክፈል አለበት፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይቆማሉ። የቪኤስ ኮድ ፕለጊን ማሳተም ግን በነፃ ነው። ሌላ አገር ያለ የማያውቀው ሰው አውርዶ ሲጠቀምበትና ስህተቱን ሲጽፍለት ተማሪው የሚያገኘው ትምህርት ከማንኛውም ገምጋሚ አስተያየት የበለጠ ነው።

የመምህራኑንም ችግር አውቃለሁ። አንድ አማካሪ ብዙ ቡድኖች ይይዛል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ ካልመጡ እኩል ማረም ይቸግራል። ቅጹ ግን ከሥራው መለየት ይችላል። «ይህ ሥራ የማንን ችግር ይፈታል? የተሳሳተ ግብዓት ሲመጣ ምን ያደርጋል? ማን ሊያጠቃው ይችላል? ከሠሪው ውጭ ማን ተጠቀመበት?» የሚሉት ጥያቄዎች ለፋርማሲውም ለፕለጊኑም እኩል ይሠራሉ። መንግሥት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል። ያን ያህል ሰው ኮድ እንዲጽፍ ከፈለግን፣ ሳይጠየቅ መሣሪያ የሠራውን ተማሪ ርዕስ መጣል የለብንም።

ፕለጊኑ አሁንም ያ ላብ ውስጥ ይሠራል። የተካቻት የላብ ረዳት ትጠቀምበታለች። በቅርቡ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የአፋን ኦሮሞ ቁልፎች ጨምሮ ላከላት፤ የሚቀጥለው ዓመት የመመረቂያ ርዕሱም ሊያደርገው ይፈልጋል፣ ተማሪዎች ከየስልካቸው ጥያቄ ልከው ጥያቄያቸው ኮዱ መስመር ላይ እንዲታይ። ዳታቤዝ ግን አያስፈልገውም። «ቅጹ ላይ የዳታቤዝ ዲዛይን የሚለው ቦታ ምን ልሙላበት?» ብሎ ጠይቋት ወደ እኔ ደወለች። የምላት አጣሁ። ርዕስ የሚጸድቀው በጥቅምት ነውና ጥያቄውን ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች አቅርቤዋለሁ።