በረንዳው ሌላ ስብሰባ ነው

በ2012 ሚያዝያ፣ በኮሮና ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ እኛ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጓደኛችን ቤት ለዓመታት ጫት ልንቅም በርጫ ስንቀመጥ የኖርን ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ስለዚህ ክልከላው የሚመለከተው ሁለታችንን እንደሆነ ለማስላት ጊዜ አልፈጀብንም። ችግሩ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ አለመገለጹ ነው። ሰውን ከፍራሽ አስነስቶ ወደ ቤቱ መሸኘት በእኛ ከተማ ከባድ ነውር በመሆኑ፣ ከመካከላችን ፍርድ ቤት አካባቢ የሚውለው ወዳጃችን ሁለቱ ሰዎች በረንዳ ላይ እንዲቀመጡ፣ በሩም ወሬ እንዲያሳልፍ ገርበብ እንዲል አደረገና “በረንዳው ሌላ ስብሰባ ነው” ሲል ፈረደ። በሁለቱ ስብሰባዎች መካከል ያለ ከልካይ የምትመላለሰው፣ ስድስታችንም ውኃ የምንጠጣባት ጆሮዋ የወለቀ አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ ብቻ ነበረች።

እውነተኛው ጠብ የመጣው ግን በ2013 መጋቢት የአስትራዜኒካ የኮሮና ክትባት መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። ተራችን ሲደርስ ሦስታችን ተከተብን፤ ሦስቱ አሻፈረን አሉ። የእምቢተኞቹ አለቃ እዚያው ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሲሆን፣ ክርክሩም አንድ ብቻ ነበር፦ “አቦ! ምን እንደተቀላቀለበት የማላውቀውን ነገር ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም!” ይህን የሚናገረው ከጫቱ ዙርባ ለጋ ለጋውን ቀንጥሶ፣ አቧራውን በሱሪው ጉልበት ጠርጎ ወደ ጉንጩ እየላከ ነው። ማሳው ላይ ምን እንደተረጨ ግን ባለጫቷን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ይኸው ሰው በ2011 ነሐሴ የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬዳዋን ባስነከሰ ጊዜ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተሳስሮ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ያየሁት ነው። የበሽታው ስም በማኮንዴ ቋንቋ መጉበጥን እንደሚያመለክት ስነግረው፣ ቀና ብሎ ሊሰድበኝ ሞክሮ ወገቡ ከለከለው። በዚያ ቀን “ለዚህ ነገር እንዴት ክትባት አይሠሩም?” ብሎ ዓለምን የወቀሰው እሱ ነበር። ይህን ባስታወስኩት ጊዜ የሰጠኝ መልስ “ያኔ አሞኝ ነበር” የሚል ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። በተከተብኩ ማግስት ትኩሳት ቢጤ ሲይዘኝ፣ እምቢተኞቹ እልል እንዳይሉ ፈርቼ ለቅሶ ላይ ነኝ ብዬ ቀረሁ። ማን እንደሞተ ሲጠይቁኝ የሩቅ አክስት ፈጥሬ ቀበርኩ፤ በማግስቱ ሦስቱም፣ አለቃው ሳይቀር፣ ለማስተዛዘን አንድ ካርቶን ውኃ ተሸክመው ቤቴ መጡ። ከዚያ ወዲያ የክትባት ካርዴን በላስቲክ አስለብጬ ኪሴ ውስጥ ብይዝም፣ እሱ ፊት ለማውጣት ድፍረቱን አጣሁ። በበርጫው ላይ የተከተብነው በመስኮቱ በኩል፣ ያልተከተቡት በበሩ በኩል ሆነን መቀመጥ ጀመርን። የከሰዓቱ ሙቀት ሲበረታ ግን ሁሉም አየር ወዳለበት ወደ መስኮቱ ስለሚጠጋ፣ ድንበሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቆይቶ አያውቅም።

በ2014 ሳዑዲ ዐረቢያ ለሐጅ የሚመጣ ሰው የኮሮና ክትባቱን ያጠናቀቀ መሆን አለበት አለች። ያ የታይዋን ገበያ ወዳጄ በዚያ ዓመት ለሐጅ ተመዝግቦ ነበር። በሰሞኑ በርጫ ላይ ስለ ክትባት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቀረ፤ አንድ ቀን ዕቃ ላቀብለው ክንዱን ስይዘው “ቀስ!” ብሎ ጮኸ፤ እኛም ተያይተን ዝም አልን።

ሲመለስ ቴምርና የዘምዘም ውኃ ይዞልን መጣ። እኔ በስንት ወር ያጠራቀምኩትን ጥያቄ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ፤ ችግሩ ግን ከእንግዲህ ስሙን ጠርቼ ላላግጥበት አለመቻሌ ነበር። “ሐጂ” ብዬ ጀመርኩ፤ “ሐጂ” ተብሎ የተጀመረ ነገር ወደ ሽሙጥ አልሄድ አለኝ። እሱ ደግሞ ጆሮዋ በወለቀችው ኩባያ ውኃውን ቀድቶ ለአራቱ በየተራ ካዳረሰ በኋላ ወደ እኔ ዘረጋት። የኩባያዋ ከንፈር ገና እርጥብ ነበር። አየት ሳደርጋት ጊዜ፦

“ምን ታያለህ፣ ጠጣ እንጂ አቦ!” አለኝ።