የፕሬሪ መንደሮች መጻሕፍት፦ ታሪክ ናቸው ወይስ የቤተሰብ አልበም?

በካናዳ ፕሬሪ፣ ማለትም ሜዳማ በሆኑት ክፍለ ግዛቶች በአልበርታ፣ በሳስካችዋንና በማኒቶባ፣ ትንሽ የምትባል መንደር እንኳ ብዙ ጊዜ የራሷ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አላት። የጻፉት ነዋሪዎቹ ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ እዚያው አገር የሚኖሩ ሁለት ሐበሾች አልተስማሙም። አንደኛው በሳስካችዋን፣ ሬጃይና ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፣ ሌላዋ በአልበርታ፣ ኤድመንተን ከተማ የምትሠራ ወጣት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሬጃይና፦ ስለዚህ አገር ካነበብኩት ሁሉ እንደነዚህ መጻሕፍት የጠቀመኝ የለም። አንዱን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ5 ዶላር ገዛሁት። እንደ ጡብ ይከብዳል፣ ሽፋኑ ላይ የስንዴ ዛላ አለበት። የታተመው በ1980 ነው፣ ሳስካችዋን ክፍለ ግዛት የሆነችበትን 75ኛ ዓመት ስታከብር። ያኔ በየመንደሩ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የራሱን ገጽ ጽፎ አመጣ፣ ከየመሳቢያው ፎቶ ተለቀመ። በዚያ ዘመን ከወጡት ብዙዎቹን ያተመው በማኒቶባ፣ አልቶና በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ፍሪሰንስ ማተሚያ ቤት ነው።

ውስጡ ምን አለ መሰለሽ? አንድ ጥማድ በሬ ስንት እንደተገዛ፣ የትኛዋ መምህርት በየትኛው ዓመት ያችን ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እንዳስተማረች፣ በ1930ዎቹ አቧራው ሲነሳ ማን እርሻውን ጥሎ ወደ ሰሜን እንደሄደ። አንዲት እናት ደግሞ አለች። ቤታቸው ከነሥሩ በተቆረጠ የሳር አፈር የተሠራ ነው፤ ውጭ ካባራ በኋላ ውስጥ መዝነቡን ስለሚቀጥል፣ ወጡ እንዳይበላሽ በአንድ እጇ ድስቱ ላይ ጃንጥላ ይዛ በሌላው ታማስላለች። ይህን ፕሮፌሰር ከየት ያመጣዋል?

ከኤድመንተን፦ ጋሼ፣ ጃንጥላዋን እኔም ወደድኳት። ግን ሴትየዋ ስሟ ማን ነው? ልገምት፦ ከፎቶው ስር ያለው የባሏ ስም ነው፣ ከፊቱ «ወይዘሮ» ተጨምሮበት። እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ነገሩ ዓይኔን የወጋኝ።

ይህ ግን ትንሹ ነው። እኔ ያየኋቸው ሁሉ አጀማመራቸው አንድ ነው፤ መሬቱ ባዶ ነበር፣ ነፋስና ሳር ብቻ፣ ከዚያ ባቡር መጣ፣ ከዚያ «የመጀመሪያው» ሰው መጣ። በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለሰፋሪ 160 ኤከር፣ በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ፣ በ10 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ደግ ሕግ ነው፣ ለተቀበለው። እርስዎ የሚኖሩበት ሬጃይና መንግሥት በ1874 ከነባሮቹ ከክሪ፣ ከሶልቶና ከአሲኒቦይን ሕዝቦች ጋር የተፈራረመው የ4ኛው ውል መሬት ነው። ባዶ መሬት ላይ ከማን ጋር ይዋዋላሉ?

ከሬጃይና፦ የስሙን ነገር ገምተሽ አልሳትሽም፣ እንዳልሽው ነው። ግን ስሟ ባይጻፍም ጃንጥላዋ ተጽፏል፣ የመንግሥት መዝገብ ቢሆን ያንንም አታገኚም። እዚያ ያለው የመሬቱ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። ደግሞ ኮሚቴዎቹን ሲያንቀሳቅሱ የነበሩት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ የአዋላጆቹን ወሬ ማን አስገባው ትያለሽ?

ሰዎቹ የታሪክ ምሁር ነን አላሉም። የሚያውቁትን ጻፉ። አያቱ ከዩክሬን በአንድ ሳጥን ዕቃ የመጣ ገበሬ ስለ ውል ምን እንዲጽፍ ትፈልጊያለሽ? ዛሬ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧቸዋል። ዋጋ ባይኖራቸው ማን ይደክምባቸዋል?

ከኤድመንተን፦ «የሚያውቁትን ጻፉ» ያሉት ላይ ነው የማልስማማው። ያውቁ ነበራ! ከ1885 በኋላ የሪዘርቭ፣ ማለትም ለነባር ሕዝቦች የተከለለ መሬት፣ ነዋሪ ከመንግሥት ወኪል የይለፍ ወረቀት ካልያዘ መውጣት አይችልም ነበር፣ ይህ ደግሞ በሕግ ያልተደነገገ፣ በአሠራር ብቻ የተጫነ ነገር ነው። ገበሬው ጎረቤቱ ገበያ የማይመጣበትን ምክንያት አጥቶት ነው? በመከር ጊዜ አብረው የሠሩም ነበሩ። የበሬውን ዋጋ ለ70 ዓመት ያስታወሰ ሰው ጎረቤቱን ረሳ ቢሉኝ አላምንም።

ሌላም አለ። ከኤድመንተን በስተሰሜን አምበር ቫሊ የሚባል ሰፈር ነበር፤ በ1910 እና በ1911 አካባቢ ከኦክላሆማ የመጡ ጥቁር ገበሬዎች የመሠረቱት። በ1911 የካናዳ ካቢኔ ጥቁሮች ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ የሚከለክል ትእዛዝ አጽድቆ ነበር፣ በሥራ ሳይውል ተሰረዘ እንጂ። እዚህ ስኖር ይህን ከአንድም የመንደር መጽሐፍ አላገኘሁትም፣ አንድ የአምበር ቫሊ ተወላጅ ናቸው የነገሩኝ።

ከሬጃይና፦ እኮ! የአምበር ቫሊ ልጆችም ታሪካቸውን ራሳቸው ሰብስበው አሳትመዋል። መፍትሔው ይኸው ነው፣ ሌላ መጽሐፍ መጨመር። ያለውን አልበም ነው ብሎ ማጣጣል አይደለም። እኛስ? ስንቱ ሐበሻ በየከተማው ታክሲ ሲነዳ፣ አልበርታ ውስጥ ብሩክስ ከተማ ባለው ስጋ ፋብሪካ ቢላ ይዞ ሲቆም ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ አንድ ገጽ የጻፈ አለ?

ከኤድመንተን፦ እኔ አላጣጣልኩም። ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የገዙት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚታጠፍ ካርታ ይኖራል፣ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ፣ በየካሬው የባለመሬቱ ስም ያለበት። እስቲ ይክፈቱትና ያላዩት ቦታ ካለ ይንገሩኝ።

ከሬጃይና፦ ከፈትኩት። ስሙ ከመብዛቱ የተነሳ በመነጽር ነው ያነበብኩት፤ የአንዱ ካሬ ስም እንዲያውም ሦስቴ ተሰርዞ ተጽፏል፣ መሬቱ ሲሸጥ ሲለወጥ ይመስለኛል። በስተሰሜን ጥግ ግን አንድ ትልቅ ነጭ ቦታ አለ። «ሪዘርቭ» ከሚል ቃል በቀር አንድም የሰው ስም የለበትም። አምስት ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው አላስተዋልኩትም።

አሁንም ግን መጽሐፉን አልሸጠውም።

ከኤድመንተን፦ እንዳይሸጡት! እኔም ልዋሰው ነው። ካርታውን ግን ፎቶ አንስተው ዛሬውኑ ይላኩልኝ።