እርማት፦ የጡንቻ ሕመም የጥሩ ስፖርት መለኪያ አይደለም

ወንድሜ፣ «በማግስቱ ካላመመህ አልሠራህም፤ ሕመሙም ላክቲክ አሲድ ነው» ብለሃል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ላክቲክ አሲዱ፣ ማለትም ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር፣ ስፖርቱን በጨረስክ በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይጸዳል። ሕመሙ የሚብሰው ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሚመጣውም ያልለመደ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው፤ በተለይ ቁጭ ብድግ ስትሠራ ወደ ታች ስትወርድ። ሰውነት ሲለምድ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጥንካሬው ግን ይጨምራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጀማሪው ነው። ሕመም ፍለጋ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ደረጃ መውረድ ያቅተውና ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይልቅ ቁጥር መዝግብ። ባለፈው ሳምንት 8 ፑሽ አፕ ሠርተህ ዛሬ 10 ከቻልክ፣ ባያምህም ጠንክረሃል። መገጣጠሚያህን ከወጋህ ግን ወዲያው አቁም።