ማስተካከያ፦ ማይክሮኮድ ፕሮሰሰሩ ላይ ለዘለቄታው አይጻፍም

በሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰር ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩን አሠራር የሚመራ ውስጣዊ ኮድ) ስለማዘመን ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «አንዴ ከተጫነ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ፓኬጁን ማጥፋት ይቻላል» ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

ማይክሮኮዱን የያዘውን የሶፍትዌር ፓኬጅ አታጥፉት። ማሽኑ ሲጠፋ አዲሱ ማይክሮኮድ አብሮ ይጠፋል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር፣ ገና ከጅምሩ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ ከሚባለው የማስነሻ ፋይል አንስቶ እንደገና ይጭነዋል። ፓኬጁ ከሌለ ፕሮሰሰሩ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ሶፍትዌር) ወደሚሰጠው ስሪት ይመለሳል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ባዮሱን ማዘመንም አንድ መንገድ ነው፤ ግን የማዘርቦርድ አምራቾች የቆዩ ሞዴሎችን ቶሎ ይረሳሉ።

ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት ለምትጠቀሙ፦ የኢንቴልም የኤኤምዲም ፓኬጅ የሚገኘው «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» (non-free-firmware) በሚባለው የፓኬጅ ማከማቻ ክፍል ነው። ኮዱ ዝግ ነዋ! ከጫናችሁ በኋላ ሪስታርት አድርጉ። «ሪስታርት ሳይደረግም ይሠራል» የሚለውን ምክር እርሱት፤ የከርነሉ ሰዎች ራሳቸው አይመክሩትም። መጫኑን ለማረጋገጥ «ፕሮክ» ማውጫ ስር ያለውን የሲፒዩ መረጃ ፋይል (/proc/cpuinfo) ክፈቱ። «ማይክሮኮድ» በሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ከበፊቱ ጋር አስተያዩት። ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ከሆናችሁ ግን በከንቱ አትድከሙ፤ መዘመን ያለበት አስተናጋጁ ማሽን ነው።