ገለልተኛው መሥሪያ ቤታችን

ሕግ ማክበር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው በምርጫ ሰሞን ወደ መሥሪያ ቤታችን ብቅ ይበል። የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ታዝዟል፤ እኛም በዚህ ቀልድ አናውቅም። ወገንተኝነት አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሲል የሚመጣ በሽታ ነው። እኛ ዘንድ ከዳይሬክተሩ እስከ ጥበቃው ሁላችንም ወዲህ ነን። ወዲያ የሚባል በሌለበት ወገን ከየት ይመጣል?

የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ የመንግሥት ሀብት ለቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል። እጅግ ተገቢ ነው። እኛ ቅስቀሳ አድርገን አናውቅም፤ የምናደርገው «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ነው። አዳራሹ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሰዓቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ውሃውና ቆሎው ከመስተንግዶ በጀት ነው። የፓርቲው ተናጋሪው ብቻ ነው፤ እርሱም እንግዳ ነው፣ እንግዳ ማባረር ደግሞ በባህላችን ነውር ነው። ኮድ 4 መኪኖቻችን ሠራተኛውን ጭነው ወደ ድጋፍ ሰልፍ ሲሄዱ የነዳጅ መጠየቂያው ላይ «ለመስክ ሥራ» ተብሎ ይሞላል። ሐሰት ነው የሚል ሄዶ ይመልከት፤ ሰልፉ መስክ ላይ ነው።

ሰልፍ መውጣት ፍጹም በፈቃደኝነት ነው። ፈቃደኝነታችንን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንፈርምበታለን፤ ስንመለስም እንደገና እንፈርማለን፣ ፈቃዳችን መንገድ ላይ እንዳይቀየር። አንድ ባልደረባችን ሆዱን አሞት ቀረ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። የደረጃ ዕድገቱ ብቻ ለሌላ ተሰጠ፤ በሕመሙ ላይ የሥራ ጫና እንዳይደረብበት።

ካናቴራና ኮፍያ በነፃ ነው። የእኔ መሳቢያ ቢፈተሽ ቅርስ ይወጣዋል። ከታች በኩል የኢሕአዴግ ግንባር የንብ ምልክት ያለበት የ2002 ኮፍያዬ አለ። በዚያ ዓመት ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ግንባሩና አጋሮቹ ወሰዱ፤ ሁለቱ እንዴት እንዳመለጡን ግምገማ ላይ መልስ አጥተን ነበር። ንቧ ስትሄድ እኛ አልሄድንም። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ያሉት አባቶች ተረት አልተረቱም፤ የሥራ መዘርዝራችንን ነው የጻፉልን። ኮፍያው ይቀየራል፣ ጭንቅላቱ ያው ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ያሳዝነኛል። ዋሽንግተን ውስጥ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ይሠራል። እዚያ በፈረንጆቹ 1939 የወጣ የሀች ሕግ የሚባል አለባቸው። በሥራ ሰዓት የፓርቲ ባጅ ደረቱ ላይ መለጠፍ፣ ከቢሮው ሆኖ ለአንድ ዕጩ የሚቀሰቅስ ኢሜይል መላክ አይችልም፤ ቢያደርገው እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ሰልፍ ካማረው ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሱ ነዳጅ፣ በራሱ ካናቴራ ይወጣል። ስም ጠሪ እንኳን የለውም! «ታዲያ ሰልፍ መውጣትህን አለቃህ በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው አልገባውም። ስደት ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሕጋችን ያስቸገረን በአንድ ነገር ብቻ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ የሌለባቸው የጽሞና ቀናት ነበሩ። ከሰኔ 14 በፊት፣ በእነዚያ ቀናት ጉድ ፈላ። መድረክ የለ፣ መስክ የለ፤ ሁላችንም ቢሮ ተገኘን። ወንበር አልበቃንም። ከሚያዝያ ጀምሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባሉ የከረሙ አንድ አዛውንት የጡረታ ጉዳያቸውን ይዘው መጡ፤ በሩን ከፍተው ሁላችንንም በአንድ ላይ ሲያዩ የተሳሳተ ቢሮ የገቡ መስሏቸው ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ሮጬ መለስኳቸው። ፋይላቸው ያለበት ቁም ሣጥን ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሾፌሩ ዘንድ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ የሁለት ወር የመስክ ሥራ ጨርሶ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል።

አዛውንቱ ወንበር ጠይቀው ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አሰቡ።

«ልጄ፣ የሚቀጥለው ሰልፍ መቼ ነው?»

«ለምን ፈለጉት፣ አባቴ?»

«ወረቀቴን ይዤ እዚያው ብመጣ አይሻልም? ሹሙም ሾፌሩም አይቀሩም።»

አሳባቸው በጣም አስደሰተኝ። እንዲህ ያለ ንቁ ባለጉዳይ በየቀኑ አይገኝም። «ይምጡ» አልኳቸው፣ «በ12 ሰዓት ይድረሱና ፈርመው ይግቡ።»