ይድረስ ለክቡር «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? መቼም ደህና ነዎት። ዶላር ወጣ፣ አዋጅ ተሻሻለ፣ ሚኒስትር ተቀየረ፣ እርስዎን የነካ ነገር የለም።

የምጽፍልዎት ከከተማዋ ጠርዝ ነው። ከአያት ወደ ለገጣፎ ሲኬድ አንድ ቦታ ላይ አዲስ አበባ ያልቅና ሸገር ከተማ ይጀምራል። ታፔላው ይቀየራል፣ ግብር ሰብሳቢውም ይቀየራል። እርስዎ ብቻ አይቀየሩም። ምስማር ልገዛ ስገባ፣ ቀለም ልገዛ ስገባ፣ ባለሱቁ ገና እንዴት አደርክ ሳይለኝ እርስዎን ይልክብኛል።

«በደረሰኝ» ካልኩ ፊቱ ይጠቁራል፣ ካልኩሌተሩ ይወጣል፣ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። «ያለ ደረሰኝ» ካልኩ ወዲያው ወንድሙ እሆናለሁ። በደረሰኝ ይሁን ብዬ ከጸናሁ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ የማሽኑ ወረቀት አልቋል፤ ይሄ ሁሉ አልፎ አሁንም ካልተንቀሳቀስኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የግማሹን ልቁረጥልህ?» ይለኛል። የግማሹን! ብሩን እኮ ሙሉውን ነው የቆጠርኩለት።

ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ግብር ሲከራከሩ ሰምተው ያውቃሉ? በ2017 መጨረሻ የገቢ ግብር ማሻሻያው ፓርላማ ሲቀርብ ክርክሩ ደህና ሞቅ ብሎ ነበር። ለዘጠኝ ዓመት 600 ብር ላይ ተቸክሎ የኖረው ከግብር ነፃ ደመወዝ 2,000 ሆነ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ ከዚህ በጣም ከፍ ይበል ብሎ ሲወተውት ነበር፣ አልሆነለትም። ያም ሆኖ ተመስገን ነው። 10,000 ብር ደመወዝተኛ ድሮ 2,045 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 1,650 ሆኗል። 395 ብር ተረፈው ማለት ነው። በ395 ብር ሥጋ ቤት ገብቶ «ቁረጥልኝ» የሚል ደፋር ካለ ያሳዩኝ።

ልብ ይበሉልኝ፣ ያችን 1,650 ብር ሲቆርጡ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደመወዝተኛ ገንዘቡን ሳያየው ነው የሚሄደው። ምርጫ ያላችሁ እርስዎና ባለሱቁ ናችሁ።

ክልሎችስ? እሱ ነው ጨዋታው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 ለፌደራል፣ በ97 ለክልል፣ በ98 ለጋራ ብሎ ግብሩን አከፋፍሎታል። ክልል ውስጥ የሚነግድ ግለሰብ ግብሩ የክልሉ ነው፤ የክልሉ መንግሥት ሠራተኛና እዚያ ያለ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚቆረጥበትም እንዲሁ። ስለዚህ አራት ኪሎ እጅ ወጥቶ ቢጸድቅም ክልሉ የራሱን አዋጅ ማውጣት አለበት። ያወጣልም፤ ብዙውን ጊዜ የፌደራሉን ገልብጦ የክልሉን ስም ያስገባበታል። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ክልሎች ራሳቸው ከሚሰበስቡት ውስጥ ከደመወዝ የሚቆረጠው ወፍራም ድርሻ አለው። አራት ኪሎ ቸር ሲሆን የሚጎድለው ከክልሎች ኪስም ጭምር ነው። የጎደለውን ደግሞ ከሆነ ቦታ መሙላት አለባቸው። በዚያው ዓመት የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1365፣ ቤትና መሬታችን ላይ ዓይኑን ጥሏል። እኛ የዳር አገር ሰዎች ገና ጣሪያ እየመታን ነው፣ እሱ ግምት ያወጣል። ስለ መዋጮው አላወራም፤ ለመዋጮ ግን ደረሰኝ ጠፍቶ አያውቅም፣ እውነቱ ይነገር።

ቫት ደግሞ የባሰ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ ቫት የሚባል ነገር እዚህ አገር አልነበረም፣ የመጣው በ1995 ነው። ስሙ ያልተጠራ ግብር ሲመጣ በአንቀጽ 99 መሠረት የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች አብረው ተቀምጠው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የፌደራል ይሁን የክልል ይወስናሉ። ሁለት ምክር ቤት! በ2016 ደግሞ አዲስ የቫት አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 1341፤ ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴ ይከፍለው የነበረው ተርን ኦቨር ታክስ ቀረ፣ ከተወሰነ ፍጆታ በላይ የሆነ መብራትና ውኃም ቫት መጣበት። ይህን ሁሉ ደክመው የማን እንደሆነ ሲከፋፈሉ እርስዎ አንድ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው «የማንም አይደለም» ብለው ጨረሱት።

ባለሱቁን ብቻ አልወቅስም። እሱም መርካቶ ወርዶ ዕቃ ሲያነሳ እርስዎ ቀድመውት እዚያ ይጠብቁታል። ከአስመጪው ደረሰኝ ካላገኘ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ለመንግሥት ከሚያስገባው ላይ ማቀናነስ አይችልም። ለእኔ ደረሰኝ ሲቆርጥ 15 በመቶው በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል፣ ዕቃውንም በነፃ ያገኘው ይመስላል። ኅዳር 2017 መርካቶ ላይ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ሱቅ የተዘጋው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2009ም ክረምት ላይ የቀን ገቢ ግምት የሚባለው መጥቶ እዚህም በኦሮሚያ ከተሞችም ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አኩርፎ ነበር። ያኔ ገማቹ መጥቶ በዓይኑ ነበር የሚገምተው። ለምን በዓይን? ደረሰኝ ስለሌለ ነዋ። ደረሰኙ ለምን ጠፋ? እርስዎ ያውቃሉ።

ዘመድዎ ሐሰተኛ ደረሰኝስ ደህና ነው? ዕቃ ሳይሸጥ ወረቀት ብቻ የሚሸጠው? ሰላም በሉልኝ። እርስዎ ዕቃ ያለ ደረሰኝ፣ እሱ ደረሰኝ ያለ ዕቃ፤ ቤተሰቡ ሥራውን በደንብ ተከፋፍሎታል። ከፌደራልና ከክልል ይልቅ እናንተ ትግባባላችሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ቀጣዩ የግብር ክርክር ላይ እርስዎም ወንበር ይሰጥዎት። የፌደራሉ በአንድ በኩል፣ ክልሎቹ በሌላ በኩል፣ እርስዎ መሃል። ሲከራከሩ ውለው ሲደክማቸው ተነስተው ያንን አንድ ጥያቄዎን ይጠይቋቸው። መልስ የሚሰጥ ከተገኘ ቃለ ጉባኤው ይላክልኝ። ባለሱቁ እንዲያነበው መስታወቱ ላይ እለጥፍለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ግብሩ እጁ ሳይገባ የሚቆረጥበት፣ የለገጣፎ መንገድ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለገቢዎች ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ ገቢዎች ቢሮ
ለኦሮሚያ ገቢዎች ቢሮ
(ሱቁ ከወሰኑ ወዲህ ይሁን ወዲያ ባለሱቁም እርግጠኛ ስላልሆነ ለሁለቱም ቢሮ ልኬያለሁ። የሚመለከተው ይውሰደው።)